ብቻቸውን የሄዱባቸው ማክሰኞዎች

ስኮላርሺፑን ባገኘሁበት ሳምንት እትዬ መታመማቸውን ሰማን። ሁለቱ ወሬዎች ተከታትለው ስለመጡ ዛሬም ድረስ አንዱን ሳስታውስ ሌላው አብሮ ይመጣብኛል።

ጊዜው የፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ አጋማሽ ነው። እናቴና እኔ አሜሪካ፣ ደንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ውስጥ፣ ከቻምበርስ ሮድ ገባ ብሎ ባለ አፓርትመንት እንኖር ነበር። አባቴ ልጅ ሳለሁ ስለሞተ ቤታችን የሁለት ሰው ቤት ነው። እናቴ ሎውሪ አካባቢ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ አዛውንቶቹን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች። ሥራዋ ማለዳ ስለሚጀምር እኔ ስነሳ እሷ ቤት የለችም። እኔ ደግሞ የሃይስኩል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። በትምህርቴ ጎበዝ ነበርኩ። ይህን የምለው ልኮራበት ብዬ ሳይሆን ሌላ የምችለው ነገር ስላልነበረኝ ነው። ኳስ አልችልም፣ መዘመር አልችልም፣ ሰው ፊት ቆሞ መናገር ያስፈራኛል። ፈተና ግን እችል ነበር።

ደንቨር ያለ አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎኝ፣ በውጤቴ ምክንያት የትምህርቱን ወጪ እንደሚሸፍንልኝ ያሳወቀኝ የገና በዓል ሊደርስ ሲል ነበር። ሁኔታው አንድ ብቻ ነው፤ የቀረኝን ግማሽ ዓመት በያዝኩት ውጤት መጨረስ። እናቴ ከሥራ ስትመጣ በሩ ላይ ጠብቄ ነገርኳት። ጫማዋን ሳታወልቅ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ቀና ስትል መጀመሪያ የደወለችው ለእትዬ ነው።

እትዬ ከኛ ቤት ሥር፣ ምድር ላይ ባለው ክፍል ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ብዙዎቻችን ሳንመጣ በፊት በስደት በሱዳን በኩል የገቡ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ደንቨር ውስጥ ካፒቶል ሂል የሚባል ሰፈር ተከራይተው፣ የኮልፋክስን ጎዳና በእግራቸው እየሄዱ፣ መሀል ከተማ ሆቴል ውስጥ አልጋ ሲያነጥፉ ኖረዋል። ኪራዩ ሲወደድ ነው ወደ ኦሮራ የወጡት። እናቴና እኔ ስንመጣ አውቶቡስ አያያዝ ያሳዩን፣ ለእኔ የበረዶ ጫማ ገዝተው ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። ልጅ አልወለዱም። ቴክሳስ ያለች የእህታቸው ልጅ ብቻ ናት የቅርብ ዘመዳቸው። ሁሌም ለብሰው፣ ተኳኩለው ነው የሚታዩት፤ ቆሻሻ ሊጥሉ ሲወጡ እንኳ ነጠላቸውን አስተካክለው ነው። እንግሊዝኛ ግን አልሆነላቸውም። ምክንያቱን ሲናገሩ ራሳቸው ይስቃሉ።

"ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው በር እያንኳኳሁ 'ሃውስኪፒንግ' ስል ነው የኖርኩት" ይላሉ። "ከውስጥ ሰው ከመለሰልኝ 'ሶሪ' ብዬ እሄዳለሁ። ካልመለሰልኝ እገባለሁ። እዚያ ላይ አለቀ።"

ቅዳሜ ዕለት እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉኝ ኬክ ይዘው ወደ ቤታችን መጡ። ሳሙኝ፣ መረቁኝ፣ ከዚያ እናቴን ወደ መኝታ ቤት ጠርተው በሩን ዘጉ። ቆይታ እናቴ እኔን ጠራችኝ። እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጡታቸው ላይ እብጠት አግኝተው ክሊኒክ ሄደው ነበር፤ ክሊኒኩ ደግሞ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላካቸው። እናቴ ከሥራ ማስፈቀድ አትችልም፤ አንድ ቀን ከቀረች ቦታዋን የሚፈልግ ብዙ ሰው አለ።

"ልጄ አብራዎት ትሄዳለች" አለች። "እንግሊዝኛዋ ከነሱ አይለይም።"

"ትምህርቷስ?" አሉ እትዬ።

"ጠዋት ጠዋት ነፃ ናት። አይደለሽም እንዴ?"

ነፃ ነኝ አልኩ። ያን ጊዜ እውነት ነበር፤ ትምህርት ቤታችን ለገና ሊዘጋ ነው፣ በዚያ መንፈቅም የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ትምህርት አልነበረኝም።

እትዬ እጄን ያዙ። "አንድ ነገር ግን ማይልኝ" አሉ። "ለማንም አትናገሪም። ቤተ ክርስቲያን ከሰሙ በቁሜ ነው ለቅሶ የሚቀመጡልኝ።"

ማልኩላቸው።

ሆስፒታሉ አዲስ ነበር፤ ግማሹ ገና እየተሠራ ክሬኖች ቆመውበታል። ከቻምበርስ በኮልፋክስ አውቶቡስ ነው የምንሄደው። እትዬ ለዚያ ቀን የቤተ ክርስቲያን ካፖርታቸውን ለብሰው ነበር። ነርሷ ገና ስንቀመጥ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ማግኘት እንደሚቻል፣ ክፍያም እንደሌለው ነገረችን። ተርጉሜ ነገርኳቸው። እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እዚህ አገር አማርኛ የሚያስተረጉም ማን ሊሆን ነው? ወይ ቅዳሴ አብሮኝ የሚቆም ነው፣ ወይ በርበሬ የሚሸጥልኝ። ድምፄን ያውቁታል።"

"ሌላ ስቴት ያለ ሰው ሊሆን ይችላል እኮ፣ እትዬ።"

"ሌላ ስቴት ያለውም እዚህ ዘመድ አለው።"

ነርሷ ዕድሜዬን ጠየቀችኝ። አሥራ ስምንት ሞልቶኝ ነበር። ደስ ሳይላት እሺ አለች።

የምርመራው ውጤት የተነገረን ቀን የሆነውን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ዶክተሯ ረጅም፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ነበረች። ካንሰር መሆኑን ነገረችን፤ ያን ቃል መተርጎም አላስፈለገኝም። ቀጥላ ከጡታቸው አልፎ ብብታቸው ሥር መድረሱን ተናገረች። እኔ በእንግሊዝኛ የገባኝን በአማርኛ የምልበት ቃል አጣሁ። የቤት አማርኛ ነው የነበረኝ፤ እናትና ልጅ ስለ ምግብና ስለ ልብስ የሚነጋገሩበት አማርኛ። በመጨረሻ የመጣልኝን ተናገርኩ።

"ወደ ብብትዎ ሄዷል ትላለች።"

"ሄዷል?"

"አዎ፣ ሄዷል።"

እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው አማተቡ። "ተመስገን!" አሉ። "ሄደልኝ! ተመስገን አምላኬ!" የዶክተሯን እጅ ለመሳም ጎንበስ አሉ። ዶክተሯ ፈገግ አለች፣ ወዲያው ደግሞ ፈገግታዋ ጠፍቶ እኔን አየችኝ።

"አይ፣ እትዬ" አልኩ። "አልሄደም። ማለቴ… ከነበረበት ተነስቶ እዚህም ደርሷል ነው የምትለው። ጨምሯል።"

እጃቸው ግንባራቸው አጠገብ እንደተነሳ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብለው አወረዱትና ካፖርታቸውን መቆለፍ ጀመሩ፤ ቀጠሮው ግን አላለቀም ነበር። በአውቶቡስ ስንመለስ ኮልፋክስ ላይ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሆኖ ነበር። ግማሽ መንገድ ስንደርስ እትዬን በድንገት ሳቅ ጀመራቸው። "የሰው እጅ ልስም ነበር እኮ!" አሉኝ። እኔም ሳቅኩ። እየሳቅን ሁለታችንም አለቀስን። ሹፌሩ በመስታወቱ ያየን ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ቃላት ማጥናት ጀመርኩ። ዕጢ፣ መሰራጨት፣ ማስታገሻ፣ የጎንዮሽ ጉዳት። ለእንግሊዝኛው የአማርኛውን አቻ እየፈለግኩ፣ ሳጣ እናቴን በዘዴ እየጠየቅኩ። ሁለተኛ ሳልሳሳት መተርጎም ነበር ሐሳቤ ሁሉ።

ሕክምናው ጥር ላይ ተጀመረ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት። ጥር ላይ ደግሞ አዲሱ መንፈቅ ገባና ጠዋቴ ተቀየረ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ካልኩለስ ሆነ፣ ቀጣዩ ኬሚስትሪ። ለእናቴ አልነገርኳትም። አሥራ ስምንት ዓመት ስለሞላኝ የቀረሁበትን ምክንያት ራሴ መፈረም እችል ነበርና ትምህርት ቤቱም ቤት አልደወለም። የካልኩለስ አስተማሪዬ አጫጭር ፈተናዎቹን ማክሰኞ ነበር የሚሰጠው። መጀመሪያ በሌላ ሰዓት እየሄድኩ እንድፈተን ፈቀደልኝ። በኋላ ምክንያቴን ሲጠይቀኝ "የቤተሰብ ጉዳይ ነው" ከማለት ሌላ መልስ ስላልነበረኝ መፍቀዱን ተወ። ማክሰኞው ወደ ሌላውም ቀን ተሻገረ፤ የደም ምርመራ አለ፣ ፋርማሲ አለ፣ ኢንሹራንስ ጋ ተደውሎ የሚጠበቅ ስልክ አለ።

አንድ ነገር ግን አለ። ማክሰኞን እወደው ነበር። እትዬ መድኃኒቱ በክንዳቸው እየገባ፣ እግራቸው ላይ ብርድ ልብስ ተጥሎላቸው፣ ካፒቶል ሂል ስለነበሩበት ዘመን ይነግሩኛል። አምስት ሴቶች አንድ ክፍል ተከራይተው፣ አንድ ጥሩ ካፖርት ብቻ ኖሯቸው፣ ለሥራ ፍለጋ በተራ ሲለብሱት። ወፍራሟም ቀጭኗም ያንኑ ካፖርት። አንድ ቀን የሆቴሉ አለቃ "ይህን ካፖርት የት ነው የማውቀው?" ብሎ እንዴት እንዳፋጠጣቸው። ነርሶቹ እኛ ስንስቅ አብረውን ይስቁ ነበር፣ ሳይገባቸው። ከዚያ ወጥቼ ክፍል ስገባ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ሁሉ የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። ውጤቴ ሲወርድ አየሁት። ኤ የነበረው ቢ ሆነ፣ ቢው ሲ። ካልኩለሱ መጨረሻ ላይ ዲ ሆነ። ሁሌ ጎበዝ የነበረ ሰው ሲወድቅ ምን እንደሚይዝ አያውቅም። ነገ አስተካክለዋለሁ እያልኩ ነው የቆየሁት።

ግንቦት ላይ የትምህርት ቤታችን አማካሪ ቢሮው ጠራኝ። ዩኒቨርሲቲው የመጨረሻ ዓመት ውጤቴን አይቶ ስኮላርሺፑን ሊያነሳ እንደሚችል አሳውቆት ነበር።

"ምን ሆነሽ ነው?" አለኝ።

"ምንም።"

"ምንም ያልሆነ ሰው ከኤ ወደ ዲ አይወርድም። ምክንያት ካለሽ ሄደሽ ንገሪያቸው። ሰዎች ናቸው፣ ይሰማሉ። ካልነገርሻቸው ግን የሚያዩት ቁጥሩን ብቻ ነው።"

"የሌላ ሰው ጉዳይ ነው። ላለመናገር ምያለሁ።"

"ስም አትጥሪ። የሆነውን ብቻ ተናገሪ።"

ከዩኒቨርሲቲው ቀጠሮ ያዘልኝ፤ ወላጅም እንዲመጣ ተባለ። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥራ አስፈቅዳ መጣች። ለምን እንደተጠራን ስነግራት ውጤቴ ትንሽ ቀንሷል ብቻ ነበር ያልኳት። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ዛፎቹ አብበው፣ ሣሩ ላይ ልጆች ተኝተው ነበር። እናቴ የቢሮውን ወንበር ሳትደገፍ ጫፉ ላይ ተቀመጠች። የስኮላርሺፕ ኃላፊዋ ደግ ፊት ያላት ትልቅ ሴት ነበረች። "እስኪ ንገሪኝ" አለችኝ።

ጀመርኩ። አንዲት ጎረቤት አለችን፣ ታማለች፣ ቋንቋ አትችልም፣ እኔ ነኝ የማስተረጉምላት አልኩ። ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች፣ ግን ወረቀቷን እያየች ነበር። ያን ጊዜ ፍርሃት ያዘኝ። ይህ ብቻ እንደማይበቃ ገባኝ። ስለዚህ የ"ሄዷል"ን ነገር ነገርኳት። እትዬ እንዴት እንዳማተቡ፣ እንዴት የዶክተሯን እጅ ሊስሙ እንደጎነበሱ፣ እኔ እንዴት መልሼ እንዳልሄደም እንዳልኳቸው። ስናገር ሴትየዋ ወረቀቱን ትታ እኔን ማየት ጀመረች። ዓይኗ እንባ ሞላ። ሰው ፊት መናገር የማልችለው እኔ፣ ያን ቀን አንድም ቃል ሳይደናቀፍብኝ ተናገርኩ።

እናቴን ዞሬ ያየኋት ከጨረስኩ በኋላ ነው። የእናቴ እንግሊዝኛ ለመናገር ያስቸግራታል እንጂ ለመስማት ደህና ነው። ከጥር ጀምሮ በየሳምንቱ ከክፍል እቀር እንደነበር እዚያው ወንበር ላይ ነው የሰማችው። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ መስኮቱን ታይ ነበር።

ስኮላርሺፑን አላነሱብኝም። ኃላፊዋ በዚያው ሳምንት ደወለችልኝ። በሰመር ካልኩለስን ኮሌጅ ገብቼ ደግሜ፣ ቢ ወይም ከዚያ በላይ ካመጣሁ እንደነበረው ይቀጥላል አለች። ሎውሪ ያለው ኮሌጅ ትምህርቱን የሚሰጠው ጠዋት ነበር፣ ማክሰኞን ጨምሮ።

እናቴ በነጋታው ወደ እትዬ ቤት ወረደች። እኔ አልነበርኩም፤ ያወራችውን የነገረችኝ በኋላ ነው። ልጄ ከእንግዲህ መምጣት አትችልም፣ ሌላ ዘዴ እንፈልግ ለማለት ነበር የሄደችው። ግን ሰው ሲጨንቀው ብዙ ያወራል። በእርስዎ ምክንያት ከክፍል ስትቀር እኔ አላወቅኩም ነበር አለቻቸው። ስኮላርሺፑ ሊቀር ነበር አለቻቸው። ለዩኒቨርሲቲው ሰዎች ሁሉን ነገር ስትነግራቸው አዘኑላት፣ ያቺ "ተመስገን" ያሉባት ነገር ነች ያዳነቻት አለቻቸው።

"እትዬ ምን አሉ?" ብዬ ጠየቅኳት።

"ጎሽ፣ ደግ አደረገች አሉ።"

በቀጣዩ ማክሰኞ ወደ ኮሌጁ ከመሄዴ በፊት በራቸውን አንኳኳሁ። በስልክ የሚያስተረጉመውን ሰው እንዲጠቀሙ ልለምናቸው ነበር። ካፖርት የሚለበስበት ጊዜ አልፎ ነበርና ቀለል ያለ ሹራብ ለብሰው፣ የወደቀው ፀጉራቸው እንዳይታይ ሻሽ አስረው፣ ቦርሳቸውን ይዘው ቆመዋል።

"ሂጂ፣ ሂጂ፣ ትምህርትሽ እንዳይረፍድብሽ" አሉኝ። "እኔ ሰው አግኝቻለሁ። የእህቴ ልጅ ጓደኛ አለች፣ እዚሁ ደንቨር። ነርስ ነገር ነች። እሷ እዚያው ታገኘኛለች።"

"እውነት?"

"ምን ልዋሽሽ? ሂጂ አልኩሽ።"

አመንኳቸው። ማመን ስለፈለግኩም ጭምር ነው። ያን ሰመር እንደ እብድ ነው ያጠናሁት። ጠዋት ክፍል፣ ከሰዓት ቤተ መጻሕፍት። ማምሻውን ስመለስ አንዳንዴ በራቸውን አንኳኳለሁ። "ደህና ነኝ፣ ጥሩ ልጅ ናት፣ ሁሉን ታስረዳኛለች" ይሉኛል። ለሻይ እንኳ ግቢ አይሉኝም ነበር፤ እንዳላደክማቸው ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ የካልኩለሱ ፈተና አለቀ። ኤ አመጣሁ። በዚያው ሰሞን እናቴ ከሥራ ስትመለስ አጥሚት ይዛ ወደ እትዬ ወረደች። አንኳኩታ መልስ ሲጠፋ እሳቸው በሰጧት ቁልፍ ከፈተች። እትዬ ሶፋው ላይ ተኝተው ነበር። ሰውነታቸው እሳት ነው። ጉንፋን ነው፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ነው፣ ሎሚ እየጠጣሁበት ነው አሏት። እናቴ ጮኻ ጠራችኝና አምቡላንስ ጠራሁ።

ያን ሕክምና ለሚወስድ ሰው ትኩሳት ዕለቱን ሆስፒታል የሚያስሮጥ ነገር ነው። ሰውነታቸው በሽታ የሚከላከልበት ኃይል የለውም። ኢንፌክሽኑ ወደ ደማቸው ገብቶ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሳለ ማክሰኞ ማክሰኞ የምታውቀኝ ነርስ አይታኝ መጣች።

"በየሳምንቱ ነግረናቸዋል" አለችኝ። "ትኩሳት ከተሰማዎት ወዲያው ይደውሉልን ብለናቸዋል። ሁሌ 'ኦኬ' ነው የሚሉን።"

"አብራቸው የምትመጣዋ ልጅስ?"

"የቷ ልጅ? ብቻቸውን ነው የሚመጡት። የስልኩን አስተርጓሚ ስናቀርብላቸው 'ኖ፣ ኖ' ይሉናል። ያቺ ልጅ የት ሄደች ብለን ስንጠይቃቸው ደግሞ እየሳቁ 'ስኩል! ስኮላርሺፕ!' ይሉን ነበር።"

ከሰመሩ መጀመሪያ ጀምሮ ብቻቸውን ነበር የሄዱት። ያ ሁሉ የሚባለው ነገር በላያቸው ላይ ሲያልፍ፣ ሆቴል ውስጥ በተማሩት ቃል እየመለሱ።

ሲሻላቸው ገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከንፈራቸው ደርቆ ነበር። ውኃ ሰጠኋቸው።

"ሰው አግኝቻለሁ ብለውኝ አልነበር?" አልኩ።

"ምን ልበልሽ ታዲያ? ትምህርትሽን ጥለሽ ልትመጪ?"

"የስልኩ ሰው እኮ ነበር፣ እትዬ። ማንም አያውቅዎትም ነበር።"

ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ፣ "ለሴትዮዋ ያቺንም ነገርሻት አሉ" አሉኝ። "ተመስገን ያልኩባትን።"

"አዎ።"

"በሽታዬንስ ንገሪያት። ምን ታደርጊ። ያቺን ግን ባትነግሪያት ደስ ይለኝ ነበር። እሷ የእኔና የአንቺ ነበረች።"

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱና "ተይው፣ ተይው፤ ኤ አመጣሽ አይደል?" አሉኝ። ኤ ነው አልኳቸው። "እሰይ" አሉ፣ ከልባቸው ነበር። ያ ነው የከበደኝ።

ዶክተሮቹ ሰውነታቸው ስለደከመ ሕክምናው እንዲቆይ ወሰኑ። የእህታቸው ልጅ ከቴክሳስ መጥታ እኔ ዘንድ ይሁኑ አለች። የሄዱበት ቀን እኔ ዩኒቨርሲቲው ለአዲስ ተማሪዎች አቀባበል የሚያደርግበት ሳምንት ላይ ነበርኩ፣ ግቢ ውስጥ፣ ስሜ የተጻፈበት ካርድ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ። መቅረት አይቻልም ተብሎ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ ደግሞ ከአንድም ነገር መቅረት ፈርቼ ነበር። እናቴ ናት የሸኘቻቸው። መኪናው ሲነሳ በመስኮት "ዛሬ ክፍል ናት አይደል?" ብለው ጠየቋት። አዎ አለቻቸው። የነበረው ግን ዘፈንና የጨዋታ ውድድር ነበር።

ስኮላርሺፑ በየመንፈቁ ውጤት የሚጠብቅ ነገር ስለነበር ከኋላው እንደሚያሳድዱት ሰው እየሮጥኩ ነው የተማርኩት። መጀመሪያ በየሳምንቱ እደውልላቸው ነበር፤ በኋላ በወር፣ በኋላ በበዓል። ስልኩን ሲያነሱ ከሰላምታ በፊት "ውጤትሽስ?" ነው የሚሉኝ። ባላመጣሁም ጊዜ ኤ ነው እላቸዋለሁ። ስለ ሕክምናቸው ስጠይቅ "እዚህ ደህና አድርገው ይዘውኛል" ብለው ወሬ ይቀይራሉ። ካፒቶል ሂልን አንድም ቀን ደግመው አላነሱልኝም። እኔም አላነሳሁባቸውም። ብጠይቃቸው ያወሩልኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ሌላ የሚጠይቃቸው ሰው አልነበራቸውም።

ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ ቅጠል ሲረግፍ፣ አረፉ። ቀብራቸው እዚያው ሆነ፣ እኛ ግን ቤታችን ለቅሶ ተቀመጥን፤ እዚህ የሚያውቃቸው ብዙ ነበርና። ካፖርቱን አብረው የለበሱ ሁለት ሴቶች መጥተው ነበር፤ አርጅተዋል። ምን ነበር ያመማቸው ብለው ሲጠይቁኝ ድንገት ነው አልኳቸው።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እናቴና እኔ ወንበሮቹን እያጠፍን ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን የተዋስናቸው ናቸው።

"እኔ ሄጄ ያን ሁሉ ባልቀባጥር ኖሮ" አለች እናቴ። "አፍሬ ነው እኮ። ያን ቀን ቢሮው ውስጥ ከአንቺ አፍ ስሰማ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ኃፍረቴን ወስጄ እሳቸው ላይ ደፋሁት።"

"አንቺ ምን አጠፋሽ" አልኩ። "ነፃ ነኝ ስልሽ እውነት መስሎሽ ነው።"

ወንበሩን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆመች።

"አልመሰለኝም" አለች። "ማክሰኞ ጠዋት ሙሉውን ነፃ የሚሆን ተማሪ የት አለ? አልጠየቅኩሽም እንጂ አልመሰለኝም። እሳቸው ባይኖሩ እኔና አንቺ እዚህ አገር አንቆምም ነበር። ሌላ የምልክላቸው ሰው አልነበረኝም።"

የቀሩትን ወንበሮች አጥፈን መኪናው ውስጥ ጫንናቸው። በነጋታው ፈተና ነበረኝ፤ ሄጄ ተፈተንኩ፣ አለፍኩም። ስኮላርሺፑም እስክመረቅ ድረስ አልተነሳብኝም።